ለብርድ ወራት የሚሆን ከሰል፦ በግንቦት ገዝቶ ደረቁን ማቆየት

በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በመሐል ሜዳ አካባቢ ቤት ማሞቅ የሚያስፈልገው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጉሙ ከደጅ አልነሣ ሲል፤ ሌላው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱን ውርጭ ሲወርድ። ለሁለቱም የሚሆነውን ከሰል መግዣው ግንቦት ነው፤ ቢዘገይ የሰኔ መጀመሪያ። የበልጉ ዝናብ ካባራ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ ከቆላው የሚወጣው ከሰል ደረቅ ነው። መስከረም ላይ የሚገዛ ሰው ግን ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ የከረመ ከሰል ነው የሚገጥመው። እርጥብ ከሰል ሲነድ ሙቀቱ መጀመሪያ የሚያልቀው ውሃውን በማትነን ነው፤ ለቤቱ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

መጠኑን በግምት አትወስኑ። ማንደጃችሁ አንድ ጊዜ ሲሞላ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ በሚዛን ለኩ። ግማሽ ኪሎ ይዞ በቀን ሁለቴ ከተሞላ በቀን አንድ ኪሎ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር 120 ቀን፣ ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን፣ በድምሩ 180 ኪሎ። ድቃቂ ሆኖ ለሚቀረው 30 ኪሎ ጨምሩና 210 በሉት። ለቡናና ለወጥ የሚሄደው በዚህ ውስጥ የለም። ማዳበሪያ ደግሞ ሚዛን አይደለም፦ የግራር ከሰል ከባድ ነው፣ የባሕር ዛፍ ቀላል ነው፤ በአንድ ዓይነት ማዳበሪያ ተሞልተው ክብደታቸው በጣም ይለያያል። ስለዚህ አንዱን አስመዝኑና አካፍሉ። 35 ኪሎ ከመዘነ ስድስት ማዳበሪያ ይበቃችኋል። ለቤት ማሞቂያ ግራሩ ይመረጣል፤ ፍሙ ይቆያል። ባሕር ዛፉ ቶሎ ይያዛል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ለማቀጣጠያ ጥቂት መያዝ ግን ጥሩ ነው።

ስትገዙ አፉን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ትልልቁ ከላይ ይደረደራል፤ ድቃቂውና አፈሩ ከታች ነው። ማዳበሪያውን አጋድማችሁ ከታች በኩል ዳብሱት፤ እንደ አሸዋ የሚሸሽ ከሆነ ብናኝ ነው። ከዚያ ሁለት ቁራጭ አውጡና አጋጩ። በደንብ የከሰለው እንደ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡና ጥሬው ድፍን ይላል። አንዱን ስበሩት። ስብራቱ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥሩ ነው፤ መካከሉ ቡናማ ከሆነና እንደ እንጨት እየተተረተረ አልሰበር ካለ ግን ገና አልከሰለም፤ ቤታችሁን በጭስ ይሞላዋል። ሻጩ የማጓጓዣ ፈቃድ እንዳለውም ጠይቁ፤ ፈቃድ የሌለው ጭነት ኬላ ላይ ሊወረስ ይችላል።

ከጉድጓድ በቅርቡ የወጣ ከሰል ወዲያው ወደ ቤት አይገባም። በውስጡ የተዳፈነ ፍም ሊኖር ይችላልና ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ደጅ ላይ፣ ከጭድና ከኩበት ርቆ ይቆይ። ማታ እጃችሁን ማዳበሪያው ላይ አሳርፉ፤ የሚሞቅ ቦታ ካለ ዘርግፋችሁ በትኑት።

ማስቀመጫው የሚያንጠባጥብ ጣሪያ የሌለው፣ ነፋስ የሚገባው ጎጆ ወይም የቆርቆሮ መጋዘን ይሁን። የአፈር ወለል ክረምት ላይ እርጥበት ያወጣል፤ ስለዚህ ከሥር ድንጋይ ደርድሩ፣ በላዩ ጣውላ ወይም አጠና አንጥፉ፣ ማዳበሪያው ከመሬት አንድ ስንዝር፣ ከግድግዳውም እንዲሁ ይራቅ። ላስቲክ ከላይ ብቻ አልብሱ። ዙሪያውን ከጠቀለላችሁት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ከሰሉን መልሶ ያርሰዋል። ከሥር የሚጠራቀመውን ድቃቂ አትጣሉት፦ ለምግብ በማይሆን ዱቄት ቀጭን ሙቅ ሠርታችሁ ለውሱት፣ እንደ እንቁላል ድቡልቡል አድርጋችሁ ጠንክሮ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አስጡት።

አሁን ዋናው ነገር። ከሰል ደጅ ይቀጣጠላል እንጂ ክፍል ውስጥ አይቀጣጠልም። ሁሉም ቀልቶ ነጭ አመድ ሲለብስ ይገባል። ብዙ ሰው «ጭሱ አለቀ፣ አሁን አይጎዳም» ይላል፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከቀላው ፍምም፣ በአመድ ከተዳፈነውም ይወጣል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ድሮም ስስ ነው፤ ጉዳቱ ይብሳል። ውሃ በሳህን ማስቀመጥ አያድንም፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ አይገባም ማለት ይቻላል።

ማንደጃው ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ መስኮቱ ከላይ፣ በሩ ደግሞ በሌላ በኩል ስንዝር ያህል ይከፈቱ። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ይውጣ፣ ክፍሉ ይናፈስ፣ ከዚያ ይተኛ። ሌሊቱን ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቆ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይቻላል። የአራስ ቤት ብርድ እንዳይገባ ተብሎ ስለሚደፈን ከሁሉም ያሰጋል፤ እናትና ሕፃኑ ባሉበት ማንደጃ አታኑሩ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጉልበት መክዳት ሲሰማ ሁሉም ሰው ወዲያው ይውጣ፤ ቢሻለውም ጤና ጣቢያ ይታይ።

አመዱን ጠዋት ቀዝቅዟል ብላችሁ ኩበት ክምር አጠገብ አትድፉ። በብረት ዕቃ አድርጋችሁ ደጅ አሳድሩትና በማግስቱ ድፉት።