የጌቲስበርግን የነሐስ ፈረሰኛ ሐውልት ማጠብና ሰም መቀባት

እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሜዳ በጌቲስበርግ የቆመው፣ እዚያው የሞተው አዛዥ የጄኔራል ሬይኖልድስ ሐውልት ፈረስ ያረፈው በሁለት እግሩ ብቻ ነው። ስለዚህ መሰላል አታስደግፉበት፤ ራሱን ችሎ የሚቆም መወጣጫ ትከሉ።

በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙናና ከእንስሳ ጸጉር በተሠራ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እጠቡ። ከላይ ከተጀመረ የሚወርደው ቆሻሻ ደረቁ ነሐስ ላይ መስመር ይሠራል። ሲለቀለቅ ግን ከላይ ወደ ታች ነው። የሽቦ ብሩሽ ፈጽሞ አይነካውም፤ ቡናማውን ልባስ ይልጠዋል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችን ክፈቱ፤ ከተደፈኑ ውስጥ የታቆረው ውሃ በረዶ ሲሆን ነሐሱን ይሰነጥቀዋል።

ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በጋዝ ነበልባል፣ እሳቱን አንድ ቦታ ሳታቆሙ፣ እጅ ማሳረፍ እስኪያቅት አሙቁትና ሰሙን በስሱ ቀቡ። እርጥበት ከቀረ ሰሙ ነጭ ጉም ይመስላል። ሲቀዘቅዝ ሁለተኛ ዙር ቀብታችሁ በጥጥ ጨርቅ ወልውሉ፤ የልጓሙን ስንጥቆች በትንሽ ብሩሽ።