የሚኒስትሪ እንግሊዝኛን ቤት ውስጥ እንዴት እንከልስ?

ደሴ ውስጥ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ግንቦት በገባ ቁጥር ወላጆች ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጡልኛል። «ቲቸር፣ ሚኒስትሪው ደረሰ። እንግሊዝኛውን ምን ላድርግለት?» ብዙዎቹ ራሳቸው እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ማገዝ የሚችሉ አይመስላቸውም። ግን ይችላሉ። አማርኛ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ልጁን ብዙ ያግዘዋል። በልጆቻችን ደብተር ላይ በቀይ የማሰምርበት ስህተት አብዛኛው ከአማርኛ ተሻግሮ የመጣ ነውና።

ይሄ የሦስት ሳምንት ክለሳ ነው። በቀን 40 ደቂቃ ይበቃል። የእንግሊዝኛውን ቃላት በፊደላችን የጻፍኳቸው ጮክ ብላችሁ እንድታነቧቸው ነው። ልጁ ግን ደብተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋቸው።

መጀመሪያ ቃላት። ልጆች ገጹን ለሁለት ያሰምሩና በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺውን ደርድረው ይሸመድዳሉ። ችግሩ ቃል ብቻውን አይኖርም። «ኦፕን» ማለት መክፈት ነው ብሎ የሸመደደ ልጅ «ቴሌቪዥኑን ክፈት» ለማለት «ኦፕን ዘ ቲቪ» ይላል። እንግሊዝኛው «ተርን ኦን» ነው። «ፎቶ አነሳ» ሲባልም ማንሳትን ፈልጎ «ሊፍት» ያመጣል። እነሱ የሚሉት «ቴክ» ነው።

ስለዚህ የሳሙና ካርቶን ቁረጡ። የመታወቂያ ያህል ከሆነ ይበቃል። በአንዱ ገጽ ቃሉ ይጻፍ፤ በጀርባው ፍቺው ሳይሆን ከራሱ ከልጁ ኑሮ የወጣ ዓረፍተ ነገር። «ፌች» ለሚለው ቃል አንድ ተማሪዬ ያመጣው «ማይ ሲስተር ፌችስ ዎተር ፍሮም ዘ ቦኖ» የሚል ነበር። እህቱ ከቦኖ ውሃ ስትቀዳ በየቀኑ ያያታል። ያ ቃል ከዚያ በኋላ አልጠፋበትም። በቀን 5 ቃል ብቻ። በማግስቱ፣ በ4ኛው ቀን እና በ7ኛው ቀን ካርዶቹ ይመለሱ። የታወሰው በአንድ በኩል፣ እምቢ ያለው በሌላ በኩል ይቀመጥ። የእናንተ ሥራ ካርዱን ይዞ «ይሄስ?» ማለት ነው።

የቃላት ጅራትም አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው። ደግ፣ ደግነት። «ካይንድ»፣ «ካይንድነስ»። የእኛ «ነት» እና የእነሱ «ነስ» አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። ቤት አልባ «ሆምለስ» ነው። አስተማረ፣ አስተማሪ ካልን «ቲች»፣ «ቲቸር» አልን ማለት ነው። ልጁ አንድ ቃል ይዞ በዚህ መንገድ ሦስት ያወጣል።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገር። እዚህ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ስጡ።

ሁላችንም ፊደል ስንቆጥር «አበበ በሶ በላ» ብለናል። ሦስቱን ቃላት በሦስት ቁራጭ ወረቀት ጻፏቸውና ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው። ልጁ ግሡን ከመጨረሻ አንስቶ መሀል ያስገባው። አበበ፣ በላ፣ በሶ። «አበበ ኤት በሶ።» ባለቤት፣ ግሥ፣ ተሳቢ። በእጁ ማንቀሳቀሱ ዋጋ አለው፤ ሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ ከሚያየው አንድ ጊዜ በጣቱ ቢገፋው ይሻለዋል። በማግስቱ ዓረፍተ ነገሩን አስረዝሙት፤ አበበ ትናንት ማታ ከወንድሙ ጋር በሶ በላ። ወረቀቱ ቢበዛም ግሡ ከአበበ አጠገብ መቀመጡ አይቀርም።

ቀጥሎ ያለው የሚጠፋ ባለቤት ነው። አማርኛ «ሄድኩ» ሲል ማን እንደሄደ በግሡ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ለብቻው ማቆም ይፈልጋል። ልጆች ይረሱትና «ዬስተርደይ ዌንት ቱ ማርኬት» ብለው ይጽፋሉ። እንግሊዝኛ የማይችል ወላጅ እንኳ ይሄን ማረም ይችላል። ልጁ ግሡን በጣቱ ያሳያችሁ፤ እናንተ «ማን?» በሉት። መልሱ በአፉ ብቻ ካለ አይቆጠርም። ወረቀቱ ላይ መኖር አለበት።

አንድ በጣም የምወደው መልመጃ አለኝ። ወረቀት ላይ «አልመጣም» ብላችሁ ጻፉና ለልጁ ስጡት። ጠ ጠብቆ ሲነበብ የቀረው እሱ ነው፤ «ሂ ዲድ ናት ካም።» ሲላላ የምቀረው እኔ ነኝ፤ «አይ ዊል ናት ካም።» በጽሑፍ አንድ የሆነው ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። ባለቤቱም ጊዜውም ይለያያል። ልጁ ይሄን አንዴ ካየ እንግሊዝኛ ለምን «ሂ» እና «አይ» ካልተጻፈ እንደማይሆንለት ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ግን የ«ራበኝ» ቤተሰብ ነው። ራበኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ናፈቀኝ፣ አለኝ። በአማርኛ ረሀቡ ነው መጥቶ እኔን የሚይዘኝ። በእንግሊዝኛ ሰውየው ከፊት ይቆማል፤ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ኮልድ»፣ «አይ ሀቭ ማኒ»። ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ዐረብ አገር ስላለች እናቷ አንቀጽ ጻፈች። «እናቴ ናፈቀችኝ» ለማለት «ማይ ማዘር ሚስድ ሚ» አለች። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው አልተሳሳተም። ትርጉሙ ግን ተገልብጦ «እናቴን ናፈቅኳት» ሆነ። አጠገቧ ተቀምጬ «ናፍቆቱ ያለው ማን ልብ ውስጥ ነው?» አልኳት። «እኔ» አለች። «እንግዲያው አንቺ ከፊት ቁሚ» አልኳት። አጠፋችውና «አይ ሚስ ማይ ማዘር» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁሉም ክፍሎቼ የማስተምረው በዚሁ ጥያቄ ነው። ስሜቱ ያለበት ሰው ከፊት ይቁም። እነዚህን አምስት ቃላት ሦስት ቀን አመላልሷቸው።

የተቀረው ቶሎ ያልፋል። «ሂ»፣ «ሺ» እና «ኢት» ሲኖሩ በአሁን ጊዜ ግሡ ላይ «ኤስ» ትጨመር። «ምንም እንኳ» እና «ነገር ግን» በአማርኛ አብረው ይሄዳሉ፤ በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ከመጣ «በት» ይቅር። አንዱ ይበቃል።

ሦስተኛው ሳምንት የታሪክ ነው። «ፕሎት» ማለት የታሪኩ ሴራ፣ አንዱ ድርጊት ሌላውን እየወለደ የሚሄድበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ጉስታቭ ፍራይታግ የተባለ ጀርመናዊ ጸሐፊ የተውኔትን አካሄድ በሦስት ማዕዘን ሥሎ አሳየ። እኔ የማሥለው ጦሳን ነው። የደሴ ልጅ ጦሳን ከክፍሉ መስኮት ያየዋል። እናንተም የሰፈራችሁን ተራራ ሣሉ።

ታሪኩ ልጁ የሚያውቀው ተረት ይሁን። የእንጀራ እናቷንና የአንበሳውን ጢም ተረት ውሰዱ። ከተራራው ግርጌ መነሻው አለ፤ አንዲት ሴት ሚስቱ የሞተችበትን ሰው አገባች፤ ልጁ ግን አልቀርባት አለ። ዳገቱ ላይ መድኃኒት አዋቂው የአንበሳ ጢም አምጪ አላት፤ እሷም በየቀኑ ሥጋ እያስቀመጠች ትንሽ ትንሽ ቀረበችው። ጫፉ ላይ እጇን ዘርግታ ጢሙን ቆረጠች። ቁልቁለቱ ላይ ጢሙን ለመድኃኒት አዋቂው ይዛለት ሄደች፤ እሱ ግን እሳት ውስጥ ጣለው። ማዶ ሜዳው ላይ «አንበሳውን እንደቀረብሽው ልጁን ቅረቢው» አላት፤ እሷም እንዲሁ አደረገች።

ልጆች ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይስታሉ። አንደኛ፣ ጫፉ መጨረሻው ይመስላቸዋል። ጫፉ ግን ትንፋሻችንን የያዝንበት ቦታ ነው። አንዳንድ ተማሪ ጢሙ እሳት ውስጥ ሲጣል ነው ጫፉ ብሎ ይከራከረኛል። እኔ ሲቆረጥ ነው ባይ ነኝ፤ ግን ምክንያቱን ከታሪኩ ካመጣ ደስ እያለኝ እሰማዋለሁ። ሁለተኛ፣ ግጭቱ ከአንበሳው ጋር ይመስላቸዋል። አንበሳው መንገድ ላይ ያለ ፈተና ነው። ግጭቱ ያለው በሴትየዋና በልጁ መካከል ነው። ይሄን ለማግኘት «መጨረሻ ላይ የተፈታው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ በጠቅላላው አምስት፣ ሁሉም በኃላፊ ጊዜ። ከካርዶቹ ቢያንስ ሦስት ቃል ይግባባቸው። ሲጨርስ ጣታችሁን በየግሡ ላይ እያደረጋችሁ «ማን?» በሉት።

የፈተናው ዋዜማ አዲስ ቃል አይጨመርም። እምቢ ያሉት ካርዶች ብቻ አንዴ ይታዩ። ከዚያ ልጁ ተራራውን ይዞ ለአያቱ ወይም ለታናሹ ተረቱን በአማርኛ ያውራላቸው፤ ቀጥሎ አምስቱን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ሳያይ ይበል። ቢዘገይ በሦስት ሰዓት ይተኛ።