ቴስት ራን ለማድረግ ከኤዲተራችሁ አትውጡ

ኮድ ጽፎ፣ ወደ ተርሚናል ሄዶ፣ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ መሃል የወደቀውን ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) መልቀም ያሰለቻል። ሲሰለች ደግሞ ሰው ቴስት ራን ማድረጉን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ዋናው ችግር እሱ ነው። ቪኤስ ኮድ የሚባለው ኤዲተር ግን ሁሉንም እዚያው ኮዱ አጠገብ ያደርግላችኋል። በፓይተንና የፓይተን ቴስቶችን ራን በሚያደርገው መሣሪያ፣ በፓይቴስት፣ ላሳያችሁ።

የፓይተን ኤክስቴንሽኑን ጫኑ። ኮንትሮልና ሺፍት ይዛችሁ የ«ፒ»ን ቁልፍ ተጫኑ፣ ማክ ላይ ከሆናችሁ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ፣ ከዚያ «ፓይተን፦ ኮንፊገር ቴስትስ» የሚለውን ፈልጉ፣ ፓይቴስትን ምረጡ፣ ቴስቶቹ ያሉበትን ፎልደር አሳዩት። በቃ። በግራ በኩል ያለውን የላብራቶሪ ብልቃጥ የሚመስል ምልክት ስትነኩ ቴስቶቻችሁ ተዘርዝረው ታገኛላችሁ።

ዝርዝሩ ባዶ ነው? አትደናገጡ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንተርፕሪተሩ፣ ማለትም ኮዱን ራን የሚያደርገው ፓይተን፣ ነው፦ ፓይቴስትን የጫናችሁት አንዱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየ የፓይተን ማህደር) ውስጥ ሆኖ ኤዲተሩ የሚጠቀመው ሌላውን ይሆናል። «ፓይተን፦ ሴሌክት ኢንተርፕሪተር» ብላችሁ ትክክለኛውን ምረጡና ዝርዝሩን ሪፍሬሽ አድርጉ። እሱ ካልሆነ የፋይል ስሞቹን እዩ። ፓይቴስት በራሱ የሚያገኘው ስማቸው በ«ቴስት» እና በአንደርስኮር የሚጀምሩትን፣ ወይም በአንደርስኮርና በ«ቴስት» የሚያልቁትን ነው። የፈንክሽኖቹም ስም በ«ቴስት» መጀመር አለበት። አንድ የተበላሸ ኢምፖርትም (ሌላ ኮድ የሚያስገባ መስመር) የፋይሉን ቴስቶች በሙሉ ሊያስቀር ስለሚችል አውትፑት የሚለውን መስኮት አንብቡ።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። ከእያንዳንዱ ቴስት በስተግራ፣ የመስመር ቁጥሩ አጠገብ፣ ትንሽዬ ሦስት ማዕዘን አለች። ስትጫኗት ያ ቴስት ብቻ ራን ይደረጋል። ከ100 ላይ 10 በመቶ ቀንሶ 90 መመለስ የነበረበት ፈንክሽን 110 ቢመልስ፣ ምልክቷ ቀይ ትሆናለች፣ 110 ከ90 ጋር እኩል እንዳልሆነ የሚናገረው መልእክትም እዚያው አሰርቱ (ውጤቱን ከሚጠበቀው ጋር የሚያነጻጽረው መስመር) ጋ ይወጣል። መቀነስ ሲገባው እንደደመረ ወዲያው ይገባችኋል።

ካልገባችሁም ፕሪንት በየቦታው አትበትኑ። የጠረጠራችሁት መስመር ላይ ብሬክፖይንት (ኮዱ እንዲቆም የሚያደርግ ምልክት) አድርጉ፣ ምልክቷን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ዲበግ ቴስት» በሉ። ኮዱ እዚያው ቀጥ ይላል፣ የየቫሪያብሉን ዋጋ እያያችሁ መስመር በመስመር ትሄዳላችሁ። አልቆም ካለና የኮቨሬጅ ፕለጊን (ቴስቶቹ የትኛውን የኮድ ክፍል እንደነኩ የሚለካ ተጨማሪ) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ለዲበጉ ጊዜ ኮቨሬጁን አጥፉት።

እጃችሁን ከኪቦርድ ማንሳት ካልፈለጋችሁ ኮንትሮልና ሴሚኮለን ተጫኑ፣ ከዚያ ሲ ስትሉ ከርሰሩ ያለበት ቴስት ራን ይደረጋል፣ ኢ ስትሉ የወደቁት ብቻ ይደገማሉ፣ ኤ ስትሉ ሁሉም። ኮሚት ከማድረጋችሁ (ለውጡን በጊት ከመመዝገባችሁ) በፊት የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላውን ሰብራችሁ ሊሆን ይችላል።