የማሪ ማሎኒን ታሪክ ለፈተና ስታጠኑ መጀመሪያ ለአክስታችሁ አውሩላት

የሮዋልድ ዳል አጭር ልቦለድ «ላምብ ቱ ዘ ስሎተር» ኮርስ ላይ የደረሳችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ሳመሪ ሸምድዳችሁ እንዳትገቡ፣ እኔ እንደዛ ገብቼ ጉድ ሆኛለሁ። ታሪኩ ራሱ እኮ አጭር ነው። በፈረንጅ 1953 ሀርፐርስ መጽሄት ላይ የወጣ ነው፣ ማሪ የምትባል የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሚስት ፖሊስ ባሏን ፓትሪክን ከዲፕ ፍሪዘር ባወጣችው የጠቦት እግር ጭንቅላቱን ከኋላ መትታ ትገድለውና ስጋውን ኦቨን ውስጥ ከታ ለመርማሪዎቹ ታበላቸዋለች፣ አለቀ።

መጀመሪያ ዲክሽነሪ ሳትከፍቱ አንዴ ጨርሱት። ከዛ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው በአማርኛ አውሩለት፣ የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ደብተር ላይ ጻፉት። እኔ ጅማ ሂርማታ ሰፈር ያለችው አክስቴ ጋ ሄጄ ቡና እየቆላች ነገርኳት፣ ገና ግድያው ጋ ስደርስ «ወርቹ ነው ታፋው?» አለችኝ። አላውቅም! ተመልሼ ሳነብ ማሪ ቀጭኑን የአጥንት ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ነው የምትመጣው፣ ተራኪውም በብረት ዱላ ብትመታው ለውጥ የለውም ይላል። ታፋው ነው በቃ፣ መያዣ ያለው ዱላ። መሳሪያው ምን እንደሚመስል በአይናችሁ ካልታያችሁ መርማሪዎቹ የብረት ነገር ሲፈልጉ ለምን እንደሚያስቅ አይገባችሁም።

ቀጥላ «ግን ባሏ ምን ብሏት ነው የገደለችው?» አለች። እዚች ጋ ብዙ ሰው ይወድቃል። ሳመሪው «ሊፈታት እንደሆነ ነገራት» ብሎ ያልፈዋል፣ ዳል ግን የባልየውን ንግግር ዘሎታል፣ አራት አምስት ደቂቃ ፈጀ ብቻ ነው የሚለን፣ ከዛ ባልየው ገንዘብ እሰጥሻለሁ፣ ስራዬ ላይ መጥፎ ስለሚሆን ግርግር አታንሺ ምናምን ይላል። ስለዚ መልሳችሁ ላይ «ጽሁፉ በግልጽ አይናገርም፣ ግን ከነዚህ ፍንጮች መለያየት እንደሆነ እንገምታለን» በሉ።

በጣም ያናደዳት ደሞ ፖሊሶቹ መብላታቸው ነው። «ለቅሶ ቤት ገብተው ሀዘንተኛዋ የሰራችውን ይበላሉ እንዴ?» እኛ ጋ ጎረቤት ነው ምግብ ይዞ የሚመጣው። እነሱም መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፣ እሷ ናት ፓትሪክ ሳላስተናግዳችሁ ብቀር ይቀየመኛል ብላ የለመነቻቸው። የምጸቱ ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ እንዲገባችሁ ወረቀት ለሁለት ክፈሉና ማሪና እኛ የምናውቀውን ባንድ በኩል፣ ፖሊሱ ጃክ ኑናንና ጓደኞቹ የሚያውቁትን በሌላ በኩል ጻፉ። መሳሪያው አፍንጫችን ስር ይሆናል ሲሉ አፋቸው ስጋ ሞልቶ ነው።

ከዛ ማሪ የምታደርገውን ግስ በሁለት ቀለም አስምሩ፣ ከምቱ በፊትና በኋላ። በፊት መጠጥ ትቀዳለች፣ ስሊፐር ላምጣልህ ትላለች፣ እሱ ቁጭ በይ ሲላት ትቀመጣለች። በኋላ መስታወት ፊት ድምጿን ትለማመዳለች፣ ሳም ሱቅ ሄዳ ድንችና የቆርቆሮ አተር ትገዛለች፣ ፖሊሶቹን ዊስኪ ታስጠጣለች። ገጸ ባህሪዋ እንዴት ተለወጠች ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም (ሰአቱን ስታነቡ ደሞ ተጠንቀቁ፣ መጀመሪያ ላይ ለአምስት አስር ጉዳይ የሚለው በኛ አቆጣጠር ለአስራ አንድ አስር ጉዳይ ነው፣ ሱቅ የምትሄደውም አስራ ሁለት ሳይሞላ ነው)።

ርእሱን አትዝለሉት። «ጠቦት ወደ መታረጃ» ብዬ ተርጉሜ ስነግራት አክስቴ ቀና ሳትል «ኢሳይያስ ነው» አለች፣ እውነትም 53፥7 ላይ «ለመታረድ እንደሚነዳ ጠቦት» ይላል። ታዲያ ጠቦቱ ማነው? እኔ ፓትሪክ እላለሁ፣ መጀመሪያ ላይ ግን ማሪ ትመስላለች፣ ሁለቱንም ከነማስረጃው ጻፉ።

መጨረሻ ላይ ስኒ እያጠበች «መብራት ጠፍቶ ስጋው ቢቀልጥባትስ ኖሮ?» አለችኝና ሳቅኩ፣ የጅማ ሰው ጥያቄ ነው። በኋላ ፊልም ሰሪው ሂችኮክ ይሄንኑ ታሪክ በፈረንጅ 1958 ለቴሌቪዥን የሰራውን ሳይ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ፣ ሂችኮክ ራሱ መጨረሻ ላይ ብቅ ብሎ ማሪ ሁለተኛ ባሏንም እንደዛው ልትገድል ስትል ፍሪዘሩ ስላልተሰካ ስጋው ለስልሶ ተያዘች ይላል። ይቺ ቀልድ ግን አጭር ልቦለዱ ላይ የለችም፣ ፈተና ላይ እንዳትጽፏት።