ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት የጓደኛችሁን ቦርሳ እዩ

ካኖን፣ ኒኮን ወይስ ሶኒ እያላችሁ ራሳችሁን አታዙሩ። አብሯችሁ ፎቶ የሚያነሳው ሰው ምን ይዟል? እሱኑ ግዙ። የአንዱ ሌንስ ሌላው ላይ በቀጥታ አይገጥምም፣ ባትሪውም እንደዚያው ነው፤ ሠርግ መሀል ባትሪ ሲያልቅባችሁ ወይም ለአንድ ቀን ብቻ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ሲያስፈልጋችሁ የምትዋሱት ሰው አለ ማለት ነው።

ስሙን ብቻ ግን አትዩ፣ የሌንስ መግጠሚያውንም ጠይቁ። ካኖን በ2018 እ.ኤ.አ. አርኤፍ የሚባለውን አዲስ መግጠሚያ አወጣ። ለድሮው መግጠሚያ የተሠራው ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር (በመሀል በሚገባ ማገናኛ) አዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል፣ የአርኤፍ ሌንስ ግን የድሮው ካሜራ ላይ ጨርሶ አይገባም። ኒኮንም በዚያው ዓመት ዜድ የሚባለውን የራሱን አዲስ መግጠሚያ ይዞ መጣ።

የምትዋሱት ሰው ከሌለ ይሄ ምክር አይሠራላችሁም። ሱቅ ገብታችሁ ያዝ ያዝ አድርጉና እጃችሁ ላይ የተመቻችሁን ውሰዱ።