ዳናክል የምትሄዱ፣ ነጠላችሁን አርጥቡት

ዳሎል ወይም ኤርታሌ ለምትሄዱ ኮፍያ ብቻ አይበቃም። ስስ የጥጥ ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጨመቅ አድርጉትና ጭንቅላትና አንገታችሁ ላይ ጠምጥሙት፤ ጫፉ መድረቅ ሲጀምር እንደገና አርጥቡት። የአፋር አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን ከቆዳችሁ ላይ ይዞት ይሄዳል። በዳሎል ኩሬዎች ውሃ ግን እንዳትነክሩት፣ አሲድ ነው!

ወበቅ ባለበት፣ ለምሳሌ ምፅዋ ወይም ጅቡቲ፣ ውሃው ቶሎ ስለማይተን ብዙም አይረዳም። የያዛችሁት ውሃ ካነሰ መጠጣቱን አስቀድሙ። አብሯችሁ ያለ ሰው መዘባረቅ ወይም መንገዳገድ ከጀመረማ በሻሽ የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ ቶሎ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ መላ ሰውነቱን ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ ወደ ሕክምና የሚወስደው መኪናም አሁኑኑ ይጠራ።