«ደምና አሸዋ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታዩ ከሆነ

«ደምና አሸዋ» የአንድ ኮርማ ተፋላሚን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ነው። መጀመሪያ የትኛውን ቅጂ እንደምታዩ ወስኑ። ታሪኩ ስፔናዊው ቪሴንቴ ብላስኮ ኢባኜስ እ.ኤ.አ. በ1908 ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ ፊልም የሆነው ደግሞ አንዴ ብቻ አይደለም። ለጀማሪ የ1941ዱ ይሻላል። አዘጋጁ ሩበን ማሙሊያን፣ መሪ ተዋናዩ ታይሮን ፓወር ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እባካችሁ ስልክ ላይ አትዩት። የደበዘዘ ኮፒ ካጋጠማችሁም ተዉትና ጥራት ያለው ፈልጉ፣ ምክንያቱም የፊልሙ ግማሽ ነፍስ ቀለሙ ነው። ማሙሊያን ትዕይንቶቹን ያሰናዳው ጎያን፣ ኤል ግሬኮንና ቬላስኬዝን የመሳሰሉ የስፔን ሠዓሊዎችን በልቡ ይዞ ነው፤ ቀረጻ ላይ የቀለም መርጫ በእጁ ይዞ ዕቃዎችን ራሱ እስከ መቀባት ደርሷል። ፊልሙም የቀለም ፊልም ቀረጻ ኦስካር አግኝቷል።

ስለ ኮርማ ፍልሚያም ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ ፈረሰኞች ኮርማውን ጫንቃው ላይ በጦር ይወጉታል። ከዚያ እግረኞች ያሸበረቁ አጫጭር ዘንጎች ይሰኩበታል። በመጨረሻ ዋናው ተፋላሚ፣ ማታዶሩ፣ በቀይ ጨርቅና በሰይፍ ብቻውን ይገጥመዋል። ኮርማውን የሚያስቆጣው የጨርቁ ቅላት ሳይሆን እንቅስቃሴው ነው። ማታዶሩ ጨርቁን ቀስ አድርጎ፣ ቀንዱን ወደ ወገቡ አስጠግቶ ባሳለፈ ቁጥር ሕዝቡ ያብዳል። ጭካኔ ነው፣ ማየት የሚከብደው ሰው ይህን አውቆ ይግባ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሁዋን ጋያርዶ የስፔኗ ከተማ የሴቪያ ድሃ ልጅ ነው፤ አባቱም ማታዶር ነበር፣ የሞተውም በኮርማ ነው። ያድጋል፣ ዝነኛ ይሆናል፣ የልጅነት ፍቅሩን ካርመንን ያገባል። ከዚያ ዶኛ ሶል የምትባል የመኳንንት ወገን ትመጣለች። የምትተውናት ሪታ ሄይዎርዝ ናት፤ ልቡ እንዴት እንደጠፋ አትጠይቁም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሚስትና ውሽማ እያወዳደረ ፊልሙን ይጨርሰዋል። እኔ ግን አደራ የምላችሁ ሕዝቡን እንድታዩ ነው። ሁዋን ከሁለቱም ሴቶች በላይ የሚያፈቅረው ጭብጨባውን ነው፣ ጭብጨባው ደግሞ ወረተኛ ነው። ኩሮ የሚባለውን የጋዜጣ ሃያሲ ተከተሉት፤ ነፋሱ ወደነፈሰበት ነው የሚያዘነብለው። ሁዋን ማንበብ አይችልም። ጋዜጣው ስለ እሱ ያወራውን ሌላ ሰው ነው የሚያነብለት፣ በዚያ ሰዓት ፊቱን ተመልከቱት። ጋራባቶ ሲመጣም ልብ በሉ። በጊዜው ስሙ የገነነ ማታዶር ነበር፤ አሁን አጥቶ ነጥቶ ሥራ ፍለጋ ደጅ ይጠናል። ሁዋን አልባሽ አድርጎ ይቀጥረዋል፣ የነገ ዕጣው ፊት ለፊቱ ቆሞ ልብሱን እያስተካከለለት እንደሆነ ግን አይታየውም። ከዚያ ማኖሎ፣ የልጅነት ጓደኛው፣ ተፎካካሪ ማታዶር ሆኖ ይነሳል። አንቶኒ ኩዊን ነው የሚተውነው። ከሶል ጋር ሲደንስ ቃል ሳይወጣ ሁሉም ነገር ያልቃል።

ለቅሶው፣ ጸሎቱ፣ የዓይን ጨዋታው በዛ ብላችሁ አትሸሹ። ሜሎድራማ ነው፣ ስሜቱን አይደብቅም፤ እናንተም አብራችሁት ግቡ።

ከወደዳችሁት በሌላ ቀን የ1922ቱን ድምፅ አልባ ፊልም እዩ። እዚያ ሁዋንን የሚሠራው ሩዶልፍ ቫለንቲኖ ነው። ጥሩ ሙዚቃ የተገጠመለትን ኮፒ ምረጡ፣ ንግግሩን የሚያሳዩት የጽሑፍ ካርዶች ከፈጠኑባችሁም እያቆማችሁ አንብቡ።